በደረቅ ጨርቅ የወለወልኩት መኪና

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እኔና ባለቤቴ ታደለ ወደ ዱባይ የምንሄድበት ጉዳይ ነበረንና ከፎቃችን ወረድን። ምን ጉዳይ እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። የምንኖረው ዓጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ነው። በዚህ ሰፈር የመኪና ማቆሚያ ማግኘት ሎተሪ እንደማግኘት ስለሆነ፣ ታደለ መኪናችንን ሁለት ሕንፃ አልፎ ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ ነበር ያቆማት። ከጎኗ አንድ አሮጌ ጥቁር መኪና ቆሟል። የጣሪያው ቀለም ተልጧል፣ ኮፈኑ ላይ ደግሞ ነጭ ነጭ ነገር እንደ ቋቁቻ ወጥቶበታል።

ቆሜ አየሁትና ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ቀኑ የፈገግታ ቀን አልነበረም። ግን ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ታደለ ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ፣ «በዚህኛውም ያንቺ እጅ አለበት?» አለኝ።

«የለበትም። ይሄ ፀሐይ ብቻዋን የሠራችው ነው» አልኩት።

ታደለ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲወለውል የኖረ ሰው ነው። ስለ መኪና ቀለም የማውቀውን ግማሹን ያስተማረኝ እሱ ነው። ሌላውን ግማሽ ያስተማረኝ ቂም ነው፤ ቂም ደግሞ ጎበዝ አስተማሪ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ፣ በኤጀንሲ በኩል፣ ዓጅማን ባሕሩ አጠገብ ባለ ቪላ ተቀጠርኩ። እናቴ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ቤታችን ክረምት ከበጋ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ እሷም ዓመቱን ሙሉ ታስላለች፤ እኛም ሳሏን ከበርበሬው ቆጥረን ዝም እንላለን። በየአስራ አምስት ቀኑ ዓርብ ዓርብ ማዳም የቤቱን ስልክ ትሰጠኝ ነበር። እናቴ ጎረቤት ቤት ስልክ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ስታነሳ ደኅና ነሽ ወይ እንኳ አትለኝም። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ዛሬ ምን በላሽ?» ብላ ነው። ሩዝ ስላት ሁልጊዜ ታዝናለች።

ማዳም ክፉ አልነበረችም፤ ደግም አልነበረችም። የውጭውን በር ትቆልፋለች፣ ሻይዋ ከቀዘቀዘ ትደፋዋለች፣ ልጆቿ ሲሰድቡኝ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር ብቻ እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቅ ነበር፤ እሱም ገና ከነላስቲኩ የመጣው ጥቁር መኪናዋ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ግቢው ታወጣና «ሰብግ ወካላ» ትላለች። አገራችን የፋብሪካ ቀለም የምንለውን እዚህ የወካላ ቀለም ይሉታል። አንድ መኪና አንዴ ቢቀባ፣ ቀቢው መልአክ ቢሆን እንኳ፣ የዚህ አገር ሰው ዓይን ውስጥ ክብሩ ወርዷል። ማዳምም ይህቺን መኪና ብሩሽ ሳይነካት አስረጃታለሁ ብላ ነበር የያዘቻት።

የማጥበው እኔ ነኝ። ዓጅማን ማለዳ ማለዳ ከባሕሩ ጤዛ ይመጣና የሌሊቱን አቧራ ይዞ በመኪናው ጎን ላይ ይንጠባጠባል። ፀሐይ ሳትወጣ ተነስቼ፣ በመጀመሪያ በብዙ ውሃ አቧራውን አወርዳለሁ፤ ቀጥሎ በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ፣ ከላይ ወደ ታች። ማዳም እንዲህ አድርጊ ብላ ያሳየችኝ ራሷ ናት። ያንን ሥራ እወደው ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ ተኝቶ እኔ ብቻዬን ከቤት ውጭ የምሆንበት ሰዓት እሱ ብቻ ስለነበር፣ ቀስ ብዬ እየዘፈንኩ አጥባለሁ።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ ኅዳር ላይ፣ ስልኩ ቀረ። ዓርብ ሲደርስ ስጠይቃት ማዳም «በናንተ በኩል መስመሩ ሙሽኪላ አለው» አለችኝ። የሚቀጥለውም እንዲሁ፣ ከዚያም የሚቀጥለው። ያኔ የራሴ ስልክ አልነበረኝም። ቤቱ ውስጥ ደግሞ የትልቋ ልጇ ሠርግ እየደረሰ ስለነበር ሥራው ሌላ ነበር፤ መጋረጃ ይወርዳል፣ ምንጣፍ ይታጠባል፣ እንግዳ ይገባል ይወጣል። አንድ ጠዋት መኪናውን እያጠብኩ ሳንጎራጉር ማዳም በመስኮት ብቅ ብላ «አትዝፈኚ» አለችኝ። እንዲህ ብላኝ አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፄን በሰማች ቁጥር ታስቆመኝ ጀመር። መስመሩን ነፈገችኝ፣ አሁን ደግሞ ዘፈኑን፣ ብዬ ውስጤ ተቃጠለ።

መጋቢት ላይ ለሠርጉ ጨርቅ ልትገዛ ዱባይ፣ ዴይራ ይዛኝ ሄደች። ገና ወደ አንዱ ሱቅ እንደገባን፣ በተደረደረው ጣቃ መካከል ጥቁር የለበሰች ሴት አየሁ። እትዬ በለጡ ናት፤ የሰፈራችን ነጋዴ፣ ከዱባይ በጅምላ እያወጣች ባሕር ዳር የምታከፋፍል። ልሮጥባት ስል ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ወይ ልጄ፣ እግዜር ያጥናሽ እንጂ ምን ይባላል» አለችኝ።

«ማን ሞቶ?»

ፊቷ ተለዋወጠ። የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች፣ መልሳ አነሳች። «አልሰማሽም እንዴ? ማዳሟ ሰምታለች ሲሉ እኮ ነበር…»

«እትዬ በለጡ፣ ማን ነው የሞተው?»

«እናትሽ።»

«መቼ?»

«አራተኛ ወሯ» አለችኝ።

አራተኛ ወሯ። አርባዋ ወጥቷል፣ ሰማንያዋ ወጥቷል፣ እኔ መጋረጃ እየተኮስኩ። እናቴ አፈር ለብሳ እኔ እየዘፈንኩ መኪና ሳጥብ። ሰው የእናቱን መርዶ ቤቱ ውስጥ፣ በማለዳ፣ ጎረቤትና ዘመድ ከብቦት ነው የሚሰማው። እኔ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የሙሽራ ሥዕል ሥር፣ ጨርቅ ሻጩ በሜትር እየለካ፣ ቆሜ ሰማሁ። ደረቴን እንኳ የምመታበት ቦታ አልነበረም።

ስንመለስ ማዳም ትነዳለች። ሻርጃን እስክናልፍ ጠበቅኋት።

«ማዳም፣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

«ታዲያ ለምን?»

«እህትሽን ጠይቂ። ኸላስ።»

በአነጋገሯ ከሰው ቆጥራ የመለሰችልኝ አልመሰለኝም። ማታውኑ ስልኩን ሰጠችኝ፤ መስመሩ ያን ዕለት ሙሽኪላ አልነበረውም። እህቴ ወይንእሸት ድምፄን ስትሰማ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፤ «አንቺ ብቻ አይዞሽ፣ አንቺ ብቻ» ከማለት በቀር ያለችኝ ነገር የለም። እኔም አልጠየቅኋትም። ምን እጠይቃታለሁ? ለሠርጉ ሠራተኛ እንዳይጎድልባት እናቴን ደበቀችብኝ፤ ነገሩ ይኸው ነው አልኩ።

በማግስቱ ውሃ የምቀዳበት አቅም አልነበረኝም። የወለሉን ጨርቅ አነሳሁና አቧራውን እንደነበረ በደረቁ፣ ክብ ክብ እያደረግሁ ጠረግሁት። ፀሐይ ስትወጣ ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ብልጭ አለ። በእያንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት ልክ አንዳንድ ክር። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ቀጥሎ ግን፣ ከዴይራ ከተመለስን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደረቴ ቀለል አለኝ። ቂሜን የማሳርፍበት አገኘሁ።

ሻይዋ ውስጥ ጨው ልጨምር፣ የሠርጉን ቀሚስ በካውያ ላቃጥል፣ ሁሉንም አስቤው ነበር። ይህ ግን ይሻላል። በየማለዳው፣ በትጋት፣ እሷ በመስኮት እያየችኝ፣ ታዛዥ ሠራተኛ ሆኜ።

የፋብሪካ ቀለም ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ያወቅሁት በጠላትነት ነው። የወደደው ሰው አያውቀውም። ያ መኪና አላሸነፍ አለኝ። ጭረቱ ፀሐይ ፊት ብቻ ይታያል፤ ጥላ ውስጥ ሲገባ መልሶ እንደ መስታወት ነው። አንድ ቀን የአሸዋ ጭነት መኪና ጠጠር ወርውሮ ኮፈኑ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቁስል አወጣበት። ሠርጌ የመጣልኝ ያህል ደስ አለኝ። ያቺን ቁስል በየጠዋቱ በፀጉር መርፌ እነካካታለሁ፣ ጨው በጥብጬ ጠብ አደርግባታለሁ፣ ዝገት እጠብቃለሁ። ባሕሩ ዳር፣ ከነጨው፣ ከነእርጥበቱ፣ አንድ ወር ቢጠበቅ የለም፣ ሁለት ወር የለም። የግቢው በር ማጠፊያ ዝጎ ሲያቃስት፣ ያቺ ምስር የምታክል ቁስል ግራጫ ሆና ቀረች። እንደዚያ የሰደብኩት ነገር የለም።

ማዳም ጭረቱን ያየችው ከሠርጉ በኋላ ነው። ማስቀባት አይታሰብም፤ የወካላ ቀለም ነዋ። የመጨረሻ ሕፃን ልጇን እንድይዝላት እኔን አስከትላ ሻርጃ፣ ጋራዦቹ ያሉበት ሰፈር፣ አንድ የፖሊሽ ቤት ወሰደችው። እዚያ አንድ ቀጭን ሐበሻ ልጅ መኪናውን ዙሪያውን ዞረው። ታደለ ነበር። ማዳም ወደ ቢሮው ስትገባ ወደ እኔ መጣ።

«ማን ነው የሚያጥበው?» አለኝ።

«እኔ።»

«በምን?»

«በውሃ ነዋ።»

ኮፈኑን በመዳፉ ዳሰሰው። «አሸዋ በመንገድ ሲመታው ነጠብጣብ ነው የሚተውበት። ይሄ ክብ ክብ ነው። የሰው ክንድ ነው፤ ቀኝ ክንድ» አለ።

ሕፃኑን ወደ ቀኝ እጄ አዛወርኩት። ታደለ እጄን አየ፣ ፊቴን አየ። ማዳም ስትወጣ በዐረብኛ «ከአቧራው ነው፣ የሁሉም መኪና እንዲህ ነው» አላት። እኔን ደግሞ ለብቻዬ፣ «ስሚኝ እህቴ» አለኝ፤ «ፖሊሽ ጭረቱን አይሞላውም። ዙሪያውን በልቶ ነው ከጭረቱ ጋር እኩል የሚያደርገው። ከላይ ያለው መስታወት መሳይ ልባስ ከወረቀት አይወፍርም። ጥቂት ጊዜ ይችላል፤ ከዚያ የዚህ አገር ፀሐይ ትጨርሰዋለች። ዝገቱንስ ተይው፤ ፋብሪካ መኪናዋን ገና ራቁቷን ሳለች ነው አንትሩጅ፣ ዝገት መከላከያው ውስጥ የሚነክራት፣ እስከ አጥንቷ ለብሳዋለች። ይሄ ልባስ ግን አንዴ ካለቀ አለቀ። ተይ።»

ምክር ነበር። እኔ የተቀበልኩት ግን እንደ መመሪያ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ገባኝ። እኔ በደረቅ ጨርቅ እጭራለሁ፣ ማዳም ሻርጃ ትወስደዋለች፣ ታደለ እየወለወለ ልባሱን ያሳሳል፣ መኪናው አብረቅርቆ ይመለሳል፣ እኔ እንደገና እጀምራለሁ። ባብረቀረቀ ቁጥር ሞቱ እየቀረበ ነው፤ ይህንን የማውቀው እኔና ታደለ ብቻ ነን። እሷ በደስታ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን ታያለች።

በሁለተኛው ጉዟችን ለታደለ ስለ እናቴ ነገርኩት። የሚሠራበትን ማሽን አጥፍቶ ትንሽ ቆመ። በሦስተኛው ስንሄድ በላስቲክ የተቋጠረ ነገር ሰጠኝ። ፈታሁት፤ ንፍሮ ነው። ስንዴና ሽምብራ፣ ገና ትኩስ፣ ጨው በዝቶበት። «ለለቅሶሽ ነው። ከዴይራ ፈልጌ ነው ሽምብራውን ያገኘሁት» አለኝ። እዚያው የማዳም መኪና ጥላ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ በላሁ። ለእናቴ የተቀመጥኩት ለቅሶ ያ ብቻ ነው፤ ሰዉም ታደለ ብቻ ነበር።

ነሐሴ ላይ ሆነ። እንኳን ቀለም ሰው የሚያቀልጠው ሙቀት መጥቶ፣ አንድ ጠዋት ጣሪያው ላይ ነጭ ነገር አየሁ። በሳምንቱ ሰፋ፤ በወሩ ጫፉ ተነስቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብን ብን ማለት ጀመረ። ከእንግዲህ ታደለም ፖሊሽም አያድነውም፣ የሚወለወል ነገር አልቋል። ማዳም ወደ ግቢው ወጥታ መኪናዋ ፊት ብዙ ቆመች። እኔ ባልዲዬን ይዤ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ጩኸቷን ነበር የምጠብቀው፣ ጩኸቷን ለወራት ጠብቄዋለሁ።

ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ በእጄ ያለውን ደረቅ ጨርቅ አየች።

«በቃሽ?» አለችኝ።

«አልበቃኝም» አልኳት።

ቤት ገባች። ወደ ኤጀንሲ አልመለሰችኝም፣ ፖሊስ አልጠራችም፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ መኪናው ቃል አልተነፈሰችም። ሠራተኛ መለወጥ ከብዷት ነው አልኩ። ያን ቀን ወተት የበዛበት ሻይ አፍልቼ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ጠጣሁ፤ እንደዚያ የጣመኝ ሻይ የለም።

ውሌ ሲያልቅ ከታደለ ጋር ተጋባን። እናቴ ሰባተኛ ዓመቷ ሲወጣ አገር ቤት ገባሁ። ለዝክሩ ሴቶቹ ተሰብስበን ቀይ ሽንኩርት እየላጥን፣ የመኪናውን ታሪክ አንድ ሳላስቀር ተረክሁላቸው። መርፌውን፣ ጨዉን፣ ቀኝ ክንዴን። ሁሉም እንባ በእንባ እስኪሆኑ ሳቁ። እትዬ በለጡ «እጅሽን ይባርከው» አለችኝ። ያልሳቀችው እህቴ ብቻ ነበረች። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ማዳምሽ አይደለችም» አለች።

«ምኗ?»

«እኔ ነኝ አትንገሪያት ያልኳት። ሰው በሌለበት አገር፣ አይዞሽ የሚላት ሳይኖር፣ ብቻዋን ተረድታ አንድ ነገር ብትሆንብንስ ብዬ ነው። የኤጀንሲው ሰውዬ በዐረብኛ ለመነልን። በልጆችሽ ማዪ አላት፣ ማለች። እኔ እስክነግራት ከአፍሽ እንዳይወጣ አላት።»

የማዳም «አትዝፈኚ» ትዝ አለኝ። እናቷ የሞተችባት ልጅ ስትዘፍን መስማት አቅቷት ኖሯል። «እህትሽን ጠይቂ» ያለችኝም ትዝ አለኝ፤ የማለችውን ሳታፈርስ ልትነግረኝ የምትችለው ይህንኑ ብቻ ነበር። ሽንኩርቱን መላጥ ቀጠልኩ። ለዓይኔ ሰበብ ነበረው።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ስረግማት ዝም አልሽኝ?» አልኳት እህቴን።

«እኔን ከምትረግሚኝ ብዬ ነው» አለችኝ፤ ቢያንስ አልዋሸችም።

ማዳምን ይቅርታ ልጠይቃት አልሄድኩም። ሰፈሩ ሩቅ አልነበረም፤ አፈርኩ። በሌላው ነገሯ ዛሬም አልወዳትም፣ ለዚያ ግን ዕዳ አለብኝ። ከዚያ የከበደኝ ቂሜ ባለቤት ማጣቱ ነበር። ሰባት ዓመት የቀለብኩት ነገር በአንድ ቀን ሂድ ቢሉት ወዴት ይሄዳል? ወደ እህቴ አዞርኩት። እህቴ ደግሞ መኪና የላትም፤ በደረቅ ጨርቅ የምፈገፍግላት ምንም የላት። ከልቧ አዝና፣ ለኔ ብላ፣ እንደ አገሩ ወግ ነው ያደረገችው። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ምን ዓይነት በቀል ይሠራል? ስስማት፣ ስጦታ ስልክላት፣ ዓመት በዓል ሲመጣ ስደውልላት ኖርኩ፤ ውስጤ ግን አንድ ቀን ይመጣል ይል ነበር።

መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ እህቴ ደወለች። ባሏ ሌሊቱን ታሞ ጎህ ሲቀድ አርፏል። ካለቀስን በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለሰናይት እንዳትነግሪብኝ። ብቻዋን ናት። ለፋሲካ ስትመጣ እኛው እናረዳታለን» አለችኝ። ሰናይት ልጇ ናት፤ ዱባይ፣ አል ሙራቃባት፣ ፀጉር ቤት ትሠራለች፣ እዚያው ቤድ ስፔስ፣ አንድ አልጋ ብቻ ተከራይታ ከሁለት ልጆች ጋር ትኖራለች። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ነው። ለፋሲካ ገና አራት ወር ነበር።

ስልኩን ዘጋሁና ለታደለ የተባልኩትን ነገርኩት። ቁልፉን አነሳ። ጉዳያችን ይህ ነበር፤ ጥቁሩን መኪና ያየሁትም ስንወጣ ነው።

የወጉን ግማሽ አከበርኩ። ከሰናይት ጋር የሚኖሩትን ልጆች ደውዬ ከሥራ አስወጣኋቸው፣ በግራና በቀኝ አስቀመጥኋቸው፣ ውሃ አስቀረብኩ። ሌላውን ግማሽ ሻርኩት። ሰናይት ማታውኑ ተሳፈረች፤ ለአባቷ ሣልስት ደርሳለች። እህቴ እስከዛሬ አልደወለችልኝም። ልጄን ባዕድ ቤት አስለቀሰችብኝ፣ ቂመኛ ናት ትላለች አሉ። እውነቷን ነው፣ ቂመኛ ነኝ። የጨረስኩት ያን ቀን ነው፤ አሁን ደረቴ ቀሏል፣ ተራው የእሷ ነው፣ እችልላታለሁ።

ስነግራት ሰናይት ወዲያው አልጮኸችም። የፀጉር ቤት ሽርጧን እንደለበሰች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ያኔ ጣቃዎቹ መካከል እኔ የጠየቅሁትን ጠየቀችኝ።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት» አልኳት።